ያዝ ለቀቅ፦ ደም ኦክስጅንን እንዴት እንደሚያደርስ የታወቀበት ታሪክ

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮም ከተማ ከጋሌን የሚስተካከል ስም ያለው ሐኪም አልነበረም። የጴርጋሞን ተወላጅ ነው። በወጣትነቱ በትውልድ ከተማው የግላዲያተሮችን ቁስል ሲያክም ቆይቶ፣ በኋላ የንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬሊዎስ ሐኪም ለመሆን በቃ። ከእሱ በፊት ብዙዎች ደም ቅዳ ሥሮች አየር ብቻ የሚያልፍባቸው ይመስላቸው ነበር። ጋሌን በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ አንዱን ደም ቅዳ በሁለት ቦታ አስሮ መካከሉን ሰነጠቀው፤ የወጣው ደም ነበር።

ከዚህ አልፎ ያስተማረው ግን አብዛኛው ስህተት ነው። እንደ ጋሌን አባባል የምንበላው ምግብ ጉበት ውስጥ ደም ይሆናል፤ ደሙ በሥሮች በኩል ወደ መላ አካል ይፈስሳል፤ አካልም ተመግቦት በዚያው ያልቃል። ከደሙ ጥቂቱ ከቀኝ የልብ ክፍል ወደ ግራው ያልፋል፤ የሚያልፈውም ሁለቱን በሚለየው ግድግዳ ላይ ባሉ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው። እዚያ ከሳንባ ከመጣ አየር ጋር ተገናኝቶ የሕይወት መንፈስን ይሸከማል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት እውነት ነበረች፦ ደም ከአየር አንዳች ነገር ይቀበላል። ያ ነገር ምንድን ነው? ደም በምን ይይዘዋል? ከያዘው በኋላስ በሚፈለግበት ቦታ እንዴት ይለቀዋል? ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት አሥራ ስምንት መቶ ዓመታት ገደማ ፈጅቷል፤ ከሁሉ ያስቸገረውም ሦስተኛው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀዳዳ የሌለው ግድግዳ

የጋሌንን ቃል በግልጽ የተቃወመው ሰው የተገኘው ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ነው። በደማስቆ አካባቢ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ሐኪም ኢብን አል-ናፊስ፣ በ1242 የኢብን ሲናን የሕክምና መጽሐፍ ሲያብራራ፣ በሁለቱ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ወፍራምና ድፍን መሆኑን ጻፈ። የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ የለውም አለ። ስለዚህ ደሙ ወደ ሳንባ ሄዶ፣ እዚያ ከአየር ጋር ተገናኝቶ፣ ወደ ግራው የልብ ክፍል መመለስ አለበት። ጽሑፉ ለረጅም ዘመን ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ1924 በበርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘው በጀርመን አገር ይማር የነበረ አል-ታታዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም ነው።

በአውሮፓ ተመሳሳይ ሐሳብ ያተመው ስፔናዊው ሚካኤል ሰርቬተስ ነበር። ሐሳቡን ያሰፈረው በሕክምና መጽሐፍ ሳይሆን በነገረ መለኮት መጽሐፍ ውስጥ ነው። በምሥጢረ ሥላሴ ላይ በያዘው አቋም ምክንያት በ1553 ጄኔቫ ላይ ከነመጽሐፉ ተቃጠለ።

ደም በመላ አካል ዙሮ እንደሚመለስ ያረጋገጠው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ነው። ማስረጃዎቹ ቀላል ነበሩ። ክንድን ጠበቅ አድርጎ በማሰር ያበጡትን ደም መልስ ሥሮች በጣቱ ገፋ፤ ደሙ ወደ ልብ አቅጣጫ ብቻ ሄደ፤ ወደ እጅ ቢገፋው እምቢ አለ። ቀጥሎ ሒሳብ ሠራ። ልብ በአንድ ምት የምታወጣው ደም እጅግ ጥቂት ነው ብሎ ቢነሳ እንኳ፣ በግማሽ ሰዓት የምታስተላልፈው በመላ ሰውነት ካለው ደም በለጠበት። ጉበት ከምግብ ያን ያህል ደም ሊያመርት አይችልም፤ ስለዚህ ያው ደም ነው እየዞረ የሚመለሰው። ይህን በ1628 አሳተመ። አንድ ነገር ግን ሳያይ በ1657 ሞተ፦ ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርበትን መንገድ። እሱ በሞተ በአራተኛው ዓመት፣ በ1661፣ ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ የእንቁራሪት ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት መንገዱን አገኘው። ከፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ሁለቱን ያገናኛሉ።

የደሙ ቀለም

መንገዱ ታወቀ፤ ደም በዚያ መንገድ ይዞት የሚሄደው ግን ገና አልታወቀም። ፍንጩ የተገኘው ከቀለም ነው። ከደም ቅዳ የሚወጣ ደም ደማቅ ቀይ ነው፤ የደም መልሱ ደግሞ ጠቆር ያለ። ለውጡ የሚካሄደው ልብ ውስጥ ነው ወይስ ሳንባ ውስጥ?

በ1667 ሮበርት ሁክ በለንደን የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባላት ፊት ደረቱ የተከፈተ ውሻ አቀረበ። የሳንባውን ሽፋን በጥቃቅን ቀዳዳዎች በስቶ፣ በሁለት ወናፍ ያለማቋረጥ አየር ነፋበት። አየሩ በአንድ በኩል እየገባ በቀዳዳዎቹ ይወጣል፤ ሳንባው ተነፍቶ ፀጥ ብሏል፤ አይንቀሳቀስም። ውሻው ግን ነፍሱ አልወጣችም፤ ልቡ መምታቷን ቀጠለች። ወናፉ ሲቆም ውሻው መንፈራገጥ ጀመረ፤ አየሩ ሲመለስለት ተረጋጋ። የሚያስፈልገው የሳንባ መንቀሳቀስ ሳይሆን ንጹሕ አየር መሆኑ በዚያች ክፍል ውስጥ ታየ።

በዚያ ሥራ የረዳው ሪቻርድ ሎወር አንድ እርምጃ ጨመረ። ጠቆር ያለውን የደም መልስ ደም በሞተ ውሻ ሳንባ ውስጥ እንዲያልፍ አድርጎ፣ በዚያው ጊዜ ሳንባውን በንጹሕ አየር ነፋው። በወዲያኛው በኩል የወጣው ደም ደማቅ ቀይ ነበር። በ1669 ባሳተመው መጽሐፉ ለውጡ የልብ ሥራ እንዳልሆነና ደሙ ከአየር በተቀበለው ነገር እንደሚመጣ ጻፈ። ልብ ሳይኖር፣ በሳህን የተቀመጠ ደም እንኳ አየር የነካው ላይኛው ገጹ ብቻ ይቀላል።

ያ ነገር የአየሩ ሁሉ ሳይሆን የአንድ ክፍሉ እንደሆነ የገመተው ጆን ሜዮው ነበር። በ1674 ባወጣው ሥራ፣ ሻማና አይጥ በአንድ ዝግ ዕቃ ውስጥ ሲደረጉ ሁለቱም የሚሻሙት ያንኑ የአየር ክፍል ነው አለ። ሜዮው ዕድሜው አልረዘመም፤ ሐሳቡም ለመቶ ዓመት ያህል ተዳፍኖ ቆየ።

ሳንባ ለምን አይቃጠልም?

ነሐሴ 1 ቀን 1774 ጆሴፍ ፕሪስትሊ የፀሐይን ብርሃን በትልቅ ምስሪት ሰብስቦ ከባዜቃ በተሠራ ቀይ ዱቄት ላይ አሳረፈው። ከዱቄቱ የወጣው አየር ሻማ ሲገባበት ቦግ አድርጎ አነደደው። በሚቀጥለው ዓመት አይጥ አስገባበት። ያንኑ ያህል ተራ አየር ሩብ ሰዓት ገደማ በሚያቆይበት ዕቃ ውስጥ አይጧ ግማሽ ሰዓት ቆየች። ስትወጣ የሞተች መስላ ነበር፤ እሳት አጠገብ ሲያሞቋት ነቃች። በስዊድን ካርል ሼሌ ያንኑ አየር ቀድሞ ቢያገኘውም ያሳተመው በ1777 ስለሆነ ዜናው ዘገየ። ኦክስጅን ብሎ የሰየመው ፈረንሳዊው አንትዋን ላቮአዜ ነው።

ላቮአዜ ከባልደረባው ከላፕላስ ጋር ሆኖ ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ፣ የቀለጠውን በረዶና የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚነድ ከሰል ጋር አነጻጸረ። መተንፈስ ዝግ ያለ መቃጠል ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ቃጠሎው የሚካሄደው ግን ሳንባ ውስጥ ይመስለው ነበር። የሒሳብ ሊቁ ላግራንዥ አንድ ጥያቄ አነሳ፦ የሰውነት ሙቀት ሁሉ ሳንባ ውስጥ የሚፈጠር ከሆነ ሳንባ ለምን አይነድም? ቃጠሎው ደሙ በሚደርስበት ቦታ ሁሉ መሆን አለበት አለ። ላቮአዜ ግንቦት 8 ቀን 1794 በፈረንሳይ አብዮት ፍርድ ቤት ተፈርዶበት አንገቱ ተቀላ።

የላግራንዥን ጥያቄ የፈታው በ1837 የበርሊኑ ጉስታቭ ማግኑስ ነው። ደሙን አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ ሲያስቀምጠው ጋዝ ፈላበት፤ ሰብስቦ ለካው። ኦክስጅንም ካርቦን ዳይኦክሳይድም በሁለቱም የደም ዓይነቶች ውስጥ ተገኙ። ልዩነቱ መጠኑ ነው፦ በደም ቅዳ ኦክስጅን ይበዛል። ቃጠሎው ሳንባ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ኦክስጅኑ እዚያው አልቆ ደም ውስጥ ባልተገኘ ነበር።

በዚህ ጊዜ ሌላ እንቆቅልሽ ተፈጠረ። ውኃ የሚያሟሟው ኦክስጅን እጅግ ጥቂት ነው። ደምም እንደ ውኃ ቢያሟሟው ኖሮ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 0.3 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ይገኝ ነበር። የጤነኛ ሰው የደም ቅዳ ደም ግን 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። በ1857 ሎታር ማየር፣ በኋላ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ ካዋቀሩት አንዱ የሆነው፣ ኦክስጅኑ በኬሚካል ትስስር የተያዘ መሆኑን አሳየ። ይዞት የሚቀመጥ አንድ ነገር ደም ውስጥ አለ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር ስለ መርዞች ባሳተመው መጽሐፍ ያን ነገር በሌላ በኩል አገኘው። በካርቦን ሞኖክሳይድ የሞተ ውሻ ሲከፍት ደሙ በደም ቅዳም በደም መልስም ደማቅ ቀይ ነበር። በዝግ ቤት ውስጥ በከሰል የታፈነ ሰው የሚሞተው በዚሁ ጋዝ ነው። ጋዙ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ አንዴ ከተቀመጠ በቀላሉ አይነሳም። የተሸከመውን ደጃፍ አድርሶ አላራግፍም የሚል ተሸካሚ ለባለዕቃው ምን ይረባዋል? ቀይ ሆኖ መታየት ብቻ ለሰውነት አልበቃውም።

ሐምራዊና ቀይ

ፍሪድሪሽ ሁነፌልድ በ1840 በሁለት መስታወት መካከል የደረቀ የመሬት ትል ደም ሲመረምር ቀያይ ክሪስታሎች አየ። በ1864 ፌሊክስ ሆፐ-ዛይለር ያንን የደም ቀለም ሄሞግሎቢን አለው። ሥራውን በዓይን ያሳየው ግን በዚያው ዓመት የኬምብሪጁ የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ ነው።

ስቶክስ ደም በውኃ አቅጥኖ ብርሃን አሳለፈበት፤ ብርሃኑንም በፕሪዝም ወደ ቀስተ ደመና ቀለማት ዘረጋው። በቢጫና በአረንጓዴው አካባቢ ሁለት ጥቁር መስመሮች ታዩ። ኦክስጅን የሚነጥቅ የብረት ጨው ሲጨምርበት ደሙ ከደማቅ ቀይ ወደ ሐምራዊ ተለወጠ፤ ሁለቱ መስመሮች ጠፍተው በቦታቸው አንድ ሰፊ መስመር መጣ። ከዚያ ብልቃጡን ከአየር ጋር ናጠው። ቀዩ ቀለም ተመለሰ፤ ሁለቱ መስመሮችም ተመለሱ። ትንሽ ሲያቆየው እንደገና ሐምራዊ ሆነ፤ ሲንጠው እንደገና ቀላ። ሎወር በውሻ ሳንባ ያየው ነገር አሁን በአንዲት ብልቃጥ ውስጥ እየተመላለሰ ታየ። ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን ይይዛል፤ ሳይጎዳም ይለቀዋል።

መያዙና መልቀቁ በምን እንደሚወሰን ለማወቅ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ሚያዝያ 15 ቀን 1875 ሦስት ፈረንሳውያን ዜኒት በተባለ ባሉን ወደ ሰማይ ወጡ። ኦክስጅን የበዛበት አየር በከረጢት ይዘዋል። የፊዚዮሎጂ ሊቁ ፖል ቤር የያዙት እንደማይበቃ በደብዳቤ ቢያስጠነቅቃቸውም ደብዳቤው የደረሰው ከተነሱ በኋላ ነው። ከ8000 ሜትር በላይ ሲደርሱ ቱቦውን ወደ አፋቸው ለማንሳት እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ክሮሴ-ስፒኔሊና ሲቬል ሞቱ፤ ቲሳንዲዬ ብቻ በሕይወት ወረደ። ቤር በ1878 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ምክንያቱን አብራራ። በዚያ ከፍታም የኦክስጅን ድርሻ ከአየሩ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ የወረደው ግፊቱ ነው። ኦክስጅንን ወደ ደም የሚያስገባውም ይኸው ግፊት ነው።

የኮፐንሃገን ኩርባ

በ1904 በኮፐንሃገን ክርስቲያን ቦር (የፊዚክስ ሊቁ የኒልስ ቦር አባት ነው) ከሁለት ባልደረቦቹ ከሃሰልባልህና ከኦገስት ክሮግ ጋር ደምን በተለያየ የኦክስጅን ግፊት እየፈተነ ውጤቱን በሥዕል አሰፈረው። የወጣው መስመር ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ወገቡ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ ጫፎቹ ላይ የሚጋደም ጠማማ ኩርባ ነው።

የጥበቡ ቁልፍ ያለው በዚያ ጠማማነት ውስጥ ነው። ሳንባ ውስጥ ግፊቱ 100 ሚሊ ሜትር ባዜቃ ገደማ ሲሆን ሄሞግሎቢን 97 በመቶ ያህል ይሞላል። ግፊቱ እዚያ አካባቢ ትንሽ ቢቀንስ እንኳ ሙሌቱ ብዙም አይነካም፤ ኩርባው እዚያ ጋር የተጋደመ ነው። በዕረፍት ላይ ወዳለ የአካል ክፍል ደርሶ ግፊቱ 40 ሲሆን ሙሌቱ 75 በመቶ ይሆናል፤ ማለትም ሩብ ያህሉን ይለቃል። በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ውስጥ ግፊቱ ወደ 20 ሲወርድ ከግማሽ በላዩን ያራግፋል። ሁለተኛው ግኝታቸው ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ኩርባው ወደ ቀኝ መሸሹ ነው። ብዙ የሠራ ጡንቻ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ያ ጋዝ ራሱ ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን እንዲለቅ ያስገድደዋል። ፈላጊው በፈለገው መጠን ይቀበላል።

ቦር ራሱ ግን ሳንባ ኦክስጅንን እንደ ዕጢ እያመነጨ ወደ ደም የሚገፋ ይመስለው ነበር። ይህን ያፈረሰው ተማሪው ክሮግ ነው። ከሐኪም ባለቤቱ ከማሪ ጋር ሆኖ፣ በ1910 ባወጣቸው ጽሑፎች፣ ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ በሚደረግ ተራ ስርጭት ብቻ ነገሩ እንደሚበቃ አሳየ። ስኮትላንዳዊው ጆን ሃልዴን ግን ከቦር ሐሳብ አልተላቀቀም። ክርክሩን ለመቁረጥ የኬምብሪጁ ጆሴፍ ባርክሮፍት በ1920 ኦክስጅኑ እየተቀነሰ በሚሄድ የመስታወት ክፍል ውስጥ ስድስት ቀን ተቀመጠ። በመጨረሻ የእጁ ደም ቅዳ ተከፍቶ ደሙ ሲቀዳ ጠቆር ያለ ነበር። ሳንባው ምንም ተጨማሪ ኦክስጅን አልገፋለትም። ቀጥሎ በ1921 ጓደኞቹን ይዞ 4300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው የፔሩ የማዕድን ከተማ ወደ ሴሮ ደ ፓስኮ ዘለቀ። የነዋሪዎቹ ቀይ የደም ሴል እጅግ የበዛ ነበር። ብዛቱም ሁልጊዜ በጎ አልሆነም፦ ፔሩያዊው ሐኪም ካርሎስ ሞንሄ በዚያው አስርት ዓመት ውስጥ ደሙ ከልክ በላይ እየወፈረ ሰውን የሚያሳምምበትን የተራራ በሽታ ገለጸ።

አሥር ሺህ አቶም የሚያንቀሳቅስ

በ1936 ማክስ ፔሩትዝ የተባለ ወጣት ከቪየና ወደ ኬምብሪጅ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት ፕራግ ውስጥ የሚሠራውን ፌሊክስ ሃውሮቪትስን ምን ላጥና ብሎ ሲጠይቀው ሄሞግሎቢንን አለው። ሃውሮቪትስ ራሱ በ1938 አስደናቂ ነገር አየ። ኦክስጅን የሌለው ሄሞግሎቢን ሐምራዊ ባለ ስድስት ማዕዘን ክሪስታል ሆኖ በማይክሮስኮፕ ሥር ሳለ፣ ከመስታወቱ ጠርዝ አየር ሰርጎ ገባ። አየሩ በደረሰበት ቦታ ሐምራዊዎቹ እየፈረሱ ደማቅ ቀይ መርፌ መሰል ክሪስታሎች ተተኩ። ኦክስጅን ሲገባ ሞለኪውሉ ራሱ ቅርጹን ይለውጣል ማለት ነው።

ፔሩትዝ ቅርጹን በኤክስሬይ ለማንበብ 22 ዓመት ፈጀበት። ጦርነት ሲነሳ በ1940 የጠላት አገር ሰው ተብሎ ታስሮ ወደ ካናዳ ተላከ፤ ተመልሶም ቀጠለ። በ1953 የባዜቃ አቶሞችን ሄሞግሎቢኑ ላይ አስሮ የኤክስሬዩን ፍንጭ መፍታት ቻለ፤ በ1959 ቅርጹን አገኘው። በአራት ሰንሰለት የተጠላለፈ፣ አሥር ሺህ ገደማ አቶም ያለው፣ በያንዳንዱ ሰንሰለት አንድ የብረት አቶም ያቀፈ ሞለኪውል ነው። በ1962 ከጆን ኬንድሩ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

በ1970 ደግሞ ሞለኪውሉ የሚሠራበትን መንገድ አቀረበ። ኦክስጅን በሌለበት ብረቱ ካረፈበት ጠፍጣፋ ቀለበት ትንሽ ወጣ ብሎ ይቀመጣል። ኦክስጅን ሲይዝ ወደ ቀለበቱ ይገባል፤ ሲገባም የታሰረበትን ሰንሰለት ይጎትታል። ጉተታው ተያይዞ ሁለቱ ጥንድ ሰንሰለቶች እርስ በርስ እስኪዞሩ ይደርሳል። በመሆኑም የመጀመሪያው ኦክስጅን በጭንቅ ይገባል፤ ተከታዮቹ ይቀልላቸዋል። ሲወጣም እንዲሁ፦ አንዱ ሲለቅ የቀሩት ይላላሉ። የቦር ኩርባ የጠመመው በዚህ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1967 በኒውዮርክ ባልና ሚስቱ ራይንሆልድና ሩት ቤኔሽ፣ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለ አንድ የፎስፌት ውህድ ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን ቶሎ እንዲለቅ እንደሚያደርግ አሳይተው ነበር። ወደ ከፍታ የወጣ ሰው ደም ውስጥ ይህ ውህድ በጥቂት ቀናት ይጨምራል።

ጣት ላይ የሚነበብ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ ልብ የምታወጣውን ደም በቀለም መርፌ ሊለካ ሲሞክር የልብ ምት ውጤቱን እያወዛወዘ አስቸገረው። ሊያስወግደው ሲታገል፣ ከምቱ ጋር የሚወዛወዘው የብርሃን ክፍል የደም ቅዳ ደም ብቻ መሆኑ ገባው። በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን ያን ውዝዋዜ ብቻ ለይቶ ቢለካ የደም ቅዳን ሙሌት ሳይወጋ ማወቅ ይችላል። ዛሬ በሆስፒታል በሕመምተኛ ጣት ላይ የሚደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር በዚህ መንገድ ተወለደ። በብርሃን ደምን ማንበብ ስቶክስ ከጀመረው ሥራ የቀጠለ ነው፤ የበርናር ወጥመድም አብሮት አለ። ተራው መሣሪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የቀላውን ደም ኦክስጅን እንደሞላው ይቆጥረዋል። በከሰል ጭስ ታፍኖ የመጣ ሰው ላይ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ቢታይ ማመን አይገባም።

ይህ መሣሪያ ወደ ስሜን ተራሮችም ወጥቷል። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢዩልና ባልደረቦቿ በ2002 ላሳተሙት ጥናት በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መረመሩ። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። የአንዲስ ነዋሪዎች በዚህ ዓይነት ከፍታ ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፤ የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ባይጨምርም የኦክስጅን ሙሌታቸው ይወርዳል። በስሜን የተገኘው ከሁለቱም ተለየ። ሄሞግሎቢናቸው በአማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ሆነ፤ በባሕር ጠለል ከፍታ የሚኖር ሰው ያለውን ያህል ነው። የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ ነበር። በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ በቲቤታውያን ሄሞግሎቢን ላይ ልዩነት የሚያመጡት ዘረመሎች በኢትዮጵያውያን ላይ ያን ሥራ እንደማይሠሩ አመለከተ።

ስለዚህ በሦስት ተራራማ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ለአንድ ችግር ሦስት የተለያየ መልስ አግኝተዋል። የአንዲሱ መልስ ተሸካሚውን ማብዛት ነበር፤ ደሙ ሲወፍር የሚያስከፍለውን ዋጋ ሞንሄ አይቶታል። የስሜኑ ገበሬ ግን ደሙ ሳይወፍር በበቂ ኦክስጅን እያረሰ ይኖራል። በዚህ ምክንያት ዛሬ የከፍታን ሕይወት የሚያጠኑ ሰዎች ሄሞግሎቢንን ቆጥረው ብቻ አይመለሱም፤ ኦክስጅኑ ከሳንባ እስከ ጡንቻ ባለው መንገድ የት እንደተያዘና የት እንደተለቀቀ ይከታተላሉ።